«ስንት ዓመት ያገለግለኛል?»፦ ከቢቸና ሞጣ የአንድ ጌም ኮምፒውተር ዕድሜ

ባለፈው ጥቅምት የአክስቴ ልጅ ከሞጣ ደወለልኝ። የእናቱን ጤና ጠየቅኩት፣ የዘንድሮውን ጤፍ ጠየቅኩት፤ እሱም የአዲስ አበባን ኑሮ ጠየቀኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ጉዳዩ ገባ። ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ከሚሠራባት ሱቅ ባጠራቀማት ብር ጌም የሚያጫውት ዴስክቶፕ ሊገዛ አስቧል። ያገለገለ ነው እንጂ አዲስ አይደለም። «አንተ እኮ ኢንጂነር ነህ፤ እስቲ ንገረኝ፣ ስንት ዓመት ያገለግለኛል?» አለኝ።

አፌ ላይ የመጣው «አምስት ዓመት» የሚል ነበር። በሙያው ያለን ሰዎች ሳናስብ የምንጠራት ቁጥር ነች። ልናገር ስል ግን የአጎቴ ኮምፒውተር ትዝ አለኝና «ቆይ፣ መልሼ ልደውልልህ» ብዬ ዘጋሁት። ማታ ደውዬ መልሱን ነገርኩት፤ በስልክ ያሳጠርኩትን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

አጎቴ ቢቸና ላይ ጌም ቤት የከፈተው በ2001 ዓ.ም. ነው። እኔ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤቱ አንድ ክፍል ናት፤ በሯ ላይ መጋረጃ፣ ውስጧ ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን 2 እና ሁለት አግዳሚ ወንበር። የኳስ ጨዋታ አንዱ በ1 ብር ነበር፣ ተሸናፊ ይከፍላል። ጥግ ላይ ደግሞ ዳንቴል የለበሰ፣ ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ የመጣ ኮምፒውተር ነበር። እሱ የሚከፈለው በሰዓት ስለሆነ ትልልቆቹ ልጆች ብቻ ነበሩ የሚቀመጡበት። እኛ ከኋላ ቆመን እናያለን። እናቴ ባወቀች ቁጥር «ቁማር ቤት ስትውል!» ብላ ትገርፈኝ ነበር፤ በነጋታው ተመልሼ እሄዳለሁ።

ኮምፒውተሩ ፔንቲየም 4 ነበር፦ 2.8 ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰር፣ 512 ሜጋባይት ራም፣ 40 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ። ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ አልነበረውም። ጀርባው ላይ የተለጠፈው ወረቀት እ.ኤ.አ. 2004 ይላል፤ ከዚያ በላይ የሆነ የውጭ አገር ቢሮ የንብረት ቁጥር አለ። እንደ ሰልባጅ ልብስ ሌላ ሰው ለብሶት፣ ጠግቦት የተወው ዕቃ ነው። ለእኛ ግን አዲስ ነበር። ቫይስ ሲቲን ያየነው በእሱ ነው። ጨዋታው ለኮምፒውተር የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን ቢያንስ 800 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰርና 128 ሜጋባይት ራም ይጠይቃል። የአጎቴ ማሽን ከዚያ በላይ ስለነበረው ሳይንገዳገድ ይሸከመው ነበር።

ዓለም ግን በዚያን ጊዜ ርቆ ሄዷል። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2007፣ ክራይሲስ የሚባል ጨዋታ ወጥቶ የባለጸጎቹንም ኮምፒውተር ሲያስለቅስ ነበር። የክራይሲስን ዝቅተኛ መስፈርት ካደግኩ በኋላ ሳነበው ገረመኝ። 2.8 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4 ይላል፤ ልክ የአጎቴ ፕሮሰሰር! ነገር ግን 1 ጊጋባይት ራምና 256 ሜጋባይት ያለው ግራፊክስ ካርድም ይጠይቃል። በአንዱ መስፈርት ማሽኑ አልፏል፣ በሁለቱ ወድቋል። ኮምፒውተር እንደ ሰው አንድ ላይ አያረጅም ማለት ነው፤ አንዱ ብልቱ ጎልማሳ ሆኖ ሌላው ይጃጃል። «ስንት ዓመት ያገለግላል?» ለሚለው ጥያቄ አንድ ቁጥር የማይበቃው መጀመሪያ በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ቁጥሩ ራሱ ከዘመን ዘመን መለዋወጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ጎርደን ሙር የተባለው መሐንዲስ በአንድ ቺፕ ላይ የሚገቡ ክፍሎች ቁጥር በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ መሆኑን ጻፈ፤ በ1975 ደግሞ ግምቱን አስተካክሎ በየሁለት ዓመቱ አደረገው። ለጌም ተጫዋች ይህ ደስታም መከራም ነበር። በዲሴምበር 1993 ዱም የሚባለው ጨዋታ ሲወጣ 386 ፕሮሰሰርና 4 ሜጋባይት ራም ይበቃው ነበር። ሰው ለእሱ ብሎ 486 ገዛ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1996፣ ያው ድርጅት ኩዌክን አወጣ። ኩዌክ የነጥብ ቁጥር ስሌት አብዝቶ ስለሚጠቀም በፔንቲየም ላይ ሲፈጥን በ486 ላይ ይጎተት ነበር። በዚያው ዓመት ስሪዲኤፍኤክስ የሚባል ኩባንያ ቩዱ የተባለውን የግራፊክስ ካርድ ይዞ መጥቶ ገበያውን ነገሠበት፤ በ2000 መጨረሻ ንብረቱን ለተፎካካሪው ለኤንቪዲያ ሸጦ ከሜዳ ወጣ። ካርዱ ብቻ ሳይሆን የካርዱ ሠሪም አምስት ዓመት አልቆየም። የዚያን ዘመን የጌም ኮምፒውተር ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ካገለገለ አገለገለ ነው።

ከዚያ ሩጫው ግድግዳ ገጠመው። ግድግዳው ሙቀት ነው። ቀድሞ ትራንዚስተር ባነሰ ቁጥር የሚፈልገው ኃይልም አብሮ ስለሚያንስ ፍጥነትን መጨመር ቀላል ነበር። በ2000ዎቹ አጋማሽ ግን ክፍሎቹ ከመጠን በላይ አንሰው ኤሌክትሪክ ያፈስሱ፣ ቺፑም ይግል ጀመር። ኢንቴል በ2004 ፔንቲየም 4ን 3.8 ጊጋኸርዝ ላይ አቁሞ 4 ጊጋኸርዝ ሊያወጣ የነበረውን ዕቅድ ሰረዘ። ቁጥሩን ልብ በሉ፦ የመጀመሪያው ፔንቲየም በ1993 የወጣው በ66 ሜጋኸርዝ ነበር፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ፍጥነቱ ከ57 እጥፍ በላይ አድጓል። ከዚያ በኋላ ባሉት ሃያ ዓመታት ግን የገበያው ፈጣን ፕሮሰሰር የደረሰው 6 ጊጋኸርዝ ገደማ ነው፤ እጥፍ እንኳ አልሞላም። እርግጥ ፕሮሰሰሮቹ በሌላ መንገድ፣ ኮር በመደራረብ፣ ተሻሽለዋል። ቢሆንም ዓመት በዓመት «የአምናው ሞተ» የሚባልበት ጊዜ አለፈ።

የአጎቴ ኮምፒውተር እንግዲህ የተወለደው ልክ ግድግዳው ሥር ነው። ዘመዶቹ የሆኑት የሰልባጅ ዴስክቶፖች ከእሱ በፊት ከነበሩት ይልቅ ረጅም ዕድሜ ያገኙት አንድም በዚህ ነው። ዕድሜው ወደፊትም እየረዘመ ሄደ። በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1060 ግራፊክስ ካርድ፣ በስቲም የተጠቃሚዎች ቆጠራ ለዓመታት አንደኛ ሆኖ እስከ 2022 ዘልቋል።

ይህ እንግዲህ የፋብሪካውና የገበያው ታሪክ ነው። ቢቸና ላይ ግን ሌላ ነገር ነበር፣ እሱን ያወቅኩት ቆይቼ ነው።

እያንዳንዱ ኮምፒውተር ሁለት ቆጣሪ አለው። አንደኛው የዕቃው ቆጣሪ ነው፤ የሆነ ክፍሉ ሲቃጠል ይቆማል። ሁለተኛው የሶፍትዌሩ ቆጣሪ ነው፤ ማሽኑ ምንም ሳይሆን አዲሱ ጨዋታና አዲሱ ዊንዶውስ «አላውቅህም» ሲሉት ይቆማል። በሀብታም አገር ቀድሞ የሚቆመው ሁለተኛው ነው። ቢቸና ላይ ሁለተኛው ቆጣሪ ጭራሽ አይቆጥርም ነበር። ጨዋታው የሚመጣው በሲዲና በፍላሽ ነው፤ ኢንተርኔት የለም፣ «አዘምን» የሚል የለም። ፕሌይስቴሽን 2ን ብንወስድ በማርች 2000 ጃፓን ላይ ወጥቶ፣ ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሽጦ፣ ምርቱ የቆመው በ2013 መጀመሪያ ነው። የመጨረሻዎቹ የኳስ ጨዋታዎቹ፣ ፊፋ 14 እና ፔስ 2014፣ የወጡት በዚያው ዓመት ነው። አጎቴ ቤት ግን ማንም «ምርቱ ቆመ» ብሎ የነገረው አልነበረም። አንድ ሰው የተጫዋቾቹን ስምና ማሊያ የቀየረበት ዲስክ ከባሕር ዳር ይመጣል፣ ያው አሮጌ ጨዋታ አዲስ ዓመት ይገባል።

ስለዚህ እኛ ጋ የሚገድለው የመጀመሪያው ቆጣሪ ነበር። እሱም ቢሆን የራሱ አመል አለው። ዋናው ገዳይ መብራት ነው፤ ጠፍቶ ሲመጣ ኃይሉ ከ220 ቮልት አልፎ ይዘላል። በ2004 ዓ.ም. ክረምት የአጎቴ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ «ጧ!» ብሎ ፈነዳ፤ ቤቱ ሽታ በሽታ ሆነ። ከዚያ በኋላ ነው ስታብላይዘር የተገዛው። ሁለተኛው ገዳይ አቧራ ነው። ከፍታችንም ነገር አለው፤ ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናቸው። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ፋኑ እኩል ቢዞርም የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነው። በሌላ በኩል ደጋው ራሱ ብርድ ነው። በማዘርቦርድ ላይ ቀድመው የሚሞቱት ካፓሲተሮች ደግሞ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜያቸው እጥፍ ገደማ ይሆናል። ከፍታው በአንድ እጁ የነሳንን ብርዱ በሌላው ይመልሳል።

የሆነው ሆኖ በዓመቱ ካፓሲተሮቹም አበጡ። በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ ማዘርቦርዶች ጉድለት ያለበት ካፓሲተር ስለተገጠመላቸው በመላው ዓለም የታወቀ ችግር ነበር። ሌላ አገር ቢሆን ማሽኑ ይጣላል። የቢቸናው ራዲዮ ጠጋኝ ግን ከሞተ ቴሌቪዥን የነቀላቸውን ካፓሲተሮች በየዳው። አጎቴ «ይሠራል ብለህ ነው?» ሲለው «ካልሠራ አትከፍለኝም» አለ። ሠራ።

በዚያ በተጠገነ ማሽን ነው ሕይወቴ የተቀየረው። አንድ ቀን ጨዋታ የለም፣ ቤቱ ባዶ ነው፣ አጎቴ ቁልፉን ለእኔ ሰጥቶ ለቅሶ ሄዷል። የቫይስ ሲቲን ፎልደር ከፍቼ ስጎረጉር «ሃንድሊንግ» የሚል ፋይል አገኘሁ። በኖትፓድ ሲከፈት የመኪናዎቹ ስም በመስመር በመስመር፣ ከጎኑ ቁጥሮች። አንዱን ቁጥር ቀየርኩ፣ አስቀመጥኩ፣ ጨዋታውን ከፈትኩ። ሲጎተት የማውቀው መኪና እንደ ጥይት ተወነጨፈ። ሌላውን ቁጥር ቀየርኩ፤ መኪናው እንደ ላባ በረረ። የዚያን ቀን ከኮምፒውተር ጀርባ የተቀመጠ ተአምር እንደሌለ፣ ሰው የጻፈው ጽሑፍ እንዳለና ጽሑፉንም መቀየር እንደሚቻል ገባኝ። ዓለም «ያረጀ» ካለው ማሽን ነው ሙያዬን ያገኘሁት።

ከዚህ ጋር የማነጻጽረው ሌላ ማሽን አለ። ሁለተኛ ደረጃ ስገባ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ፕላዝማ ተሰቅሎ ነበር። የፕላዝማ ትምህርት በአገራችን የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይተላለፍ ነበር። ለጊዜው ከጌም ቤቱ ማሽን ጋር የማይወዳደር ውድ ዕቃ ነው። እኔ በተማርኩበት ክፍል ግን ከምልክት መቀበያው በኩል የሆነ ነገር ተበላሸና ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ስክሪኑ ራሱ ደህና ነበር። ግን ከአንድ ቦታ የሚመጣ አንድ ነገር ብቻ እንዲያሳይ ተደርጎ ስለተሠራ ሌላ ሥራ የሚሰጠው አልተገኘም። አቧራ እየጠጣ ግድግዳ ላይ አረጀ። ከእሱ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው የአጎቴ ሰልባጅ ግን ሥራ ሲጠፋበት ሌላ ሥራ ይይዝ ነበር።

በ2006 ዓ.ም. የአጎቴ ጌም ቤት ተዘጋ። ልጆቹ ስልክ ይዘዋል፤ ፕሌይስቴሽን 3 ያለው ሌላ ቤትም ተከፍቷል። ኮምፒውተሩ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ አይሱዙ ላይ በጤፍ ጆንያ መካከል ተደግፎ፣ በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ አክስቴ ጋ ሄደ። በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ አቆመ። በመጽሐፉ መሠረት ማሽኑ ያን ቀን መሞት ነበረበት። አክስቴ ሱቅ ውስጥ ግን ሁለተኛ ሥራውን ገና መጀመሩ ነው፤ በፓወር ግዕዝ ማመልከቻና የሠርግ ጥሪ ይጻፍበት ነበር። ከዚያ በስልክ ሜሞሪ ላይ ዘፈንና ፊልም መጫኛ ሆነ። በፍላሽ የሚመጣው ቫይረስ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት እያደረገ ያስለቅሰው ነበር እንጂ ኢንተርኔት ስላልነበረው ሌላ ጠላት አልነካውም። ማታ ማታ ደግሞ የአክስቴ ልጅ ቫይስ ሲቲ ይጫወትበታል። የጠፋው በ2012 ዓ.ም. ሃርድ ዲስኩ ሲያልቅ ነው። ከተሠራ አሥራ ስድስት ዓመቱ፣ እኛ ዘንድ ከመጣ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር።

ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወረድ ሰባራ ድልድይ አለ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ድልድይ ነው። በጣልያን ወረራ ጊዜ አርበኞች ጠላት እንዳይሻገር መካከሉን ሰበሩት። ጠላት ከሄደ በኋላ ግን ሕዝቡ ድልድዩን አልተወውም። ከወዲያና ከወዲህ ወንዶች ገመድ ይይዛሉ፣ ተሻጋሪው በገመዱ ታስሮ በክፍተቱ ላይ ይጎተታል፣ ገበያተኛው ከጎጃም ጎንደር፣ ከጎንደር ጎጃም ይሻገራል። ይህን የሚያሳይ ፎቶ ያየ አንድ አሜሪካዊ መጥቶ ክፍተቱን በብረት ያስገጠመው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፤ በ2009 ደግሞ አዲስ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ከስድሳ ዓመት በላይ በሰባራው ሲሻገር የኖረን ሰው «ይህ ድልድይ ያገለገለው እስከ መቼ ነው?» ብትሉት እስከተሰበረበት ቀን ድረስ አይላችሁም።

ይህን የማነሳው እጦትን ለማሞገስ አይደለም። በገመድ መንጠልጠል አደጋ ነው፤ ሰው ድልድይ ቢኖረው በድልድይ ይሄድ ነበር። እኛም አዲስ ኮምፒውተር መግዛት ብንችል እንገዛ ነበር። የሚያሳስበኝ፣ ሰባራውን ይዞ መሻገር ያስቻለን ነገር አሁን እየጠፋ መሆኑ ነው።

ያ የማይቆጥረው ሁለተኛ ቆጣሪ አሁን እኛም ጋ መቁጠር ጀምሯል። ስቲም እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ አንስቶ በዊንዶውስ 7 ላይ መደገፉን አቁሟል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉትን ፕሮሰሰሮች ከሞላ ጎደል አይቀበልም። በየጥገና ቤቱ የማያቸው ሰልባጅ ዴስክቶፖች አብዛኞቹ ከዚያ በታች ናቸው። ጨዋታዎቹም እንዲሁ። በ2025 የወጣው አዲሱ ዱም 16 ጊጋባይት ራም ይፈልጋል፤ በ1993 ከወጣው ዱም 4,096 እጥፍ መሆኑ ነው። የብርሃንን መንገድ የሚያሰላ፣ ሬይ ትሬሲንግ የሚችል ካርድም ግዴታው ነው፤ ያ የተወደደው ጂቲኤክስ 1060 በሩ ላይ ቀረ።

ብዙዎቹ ጨዋታዎች ደግሞ በፍላሽ አይመጡም። አካውንት ይላሉ፣ ኢንተርኔት ይላሉ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ዘመናዊው ጨዋታ «ግባ» የሚል ገጽ ላይ ቆሞ ቀረ። ቫይስ ሲቲ ግን ይከፈት ነበር። ለመተካትም ዋጋው አልቀመስ አለ። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አሮጌው ቶሎ «አርጅተሃል» በሚባልበት ዘመን ላይ፣ አዲሱን መግዣው ራቀ። በሁለቱ መካከል የሚወድቀው ያ ከኋላ ቆሞ የሚያየው የአሥር ዓመት ልጅ ነው። ፎልደር ከፍቶ የሚጎረጉርበት ማሽን ካላገኘ ቁጥር መቀየር እንደሚቻል በምን ያውቃል?

ማታ ለአክስቴ ልጅ የነገርኩት ይኸው ነው። አዲስ የሚወጡ ከባድ ጨዋታዎችን በየዓመቱ ማሳደድ ከፈለገ ያገለገለ ማሽን ሦስት ዓመት ቢያቆየው ነው። ኳስና ቀደም ያሉ ጨዋታዎች ከበቁት ስምንት ዓመትም አሥርም ይሄዳል። ለጽሕፈትና ፕሮግራም ለመማር ከሆነ እስኪቃጠል ድረስ፤ ዊንዶውስ ፊቱን ቢያዞርበት እንኳ ሊኑክስ ይጫንበታል። ክፍሎቹ የሚፈቱና የሚለወጡ ይሁኑ አልኩት፤ ከሁሉ በፊት ስታብላይዘር፣ ቀጥሎ ኤስኤስዲ፣ ግራፊክስ ካርድ መጨረሻ። ኢንተርኔት ሳይኖር የሚከፈቱ ጨዋታዎችን ደግሞ በሌላ ዲስክ ገልብጦ ያስቀምጥ።

ትንሽ ዝም ብሎ «አሮጌውስ?» አለኝ።

«የቱ አሮጌው?»

«የአጎታችን። ቀፎው እኮ አለ፤ ወረቀት አስቀምጥበታለሁ። ፓወር ሰፕላዩ ለአዲሱ ይሆናል ወይ?»

አይሆንም አልኩት፤ ኃይሉ አይበቃም። ግን እንዳትጥለው አልኩት።

«ማን ይጥለዋል» አለኝ።